ቀድመው የመጡት

እህቴ ራዕይ ፈሪ ናት። ስሟን ላጥፋ ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ፣ እሷም አትክድም። ቤቱን ቆልፈን ፌርማታ ከደረስን በኋላ «ሙልዬ፣ ሲሊንደሩን ዘግተሽዋል?» ብላ የምታስመልሰኝ እሷ ናት። የታክሲው ሹፌር ስልክ ካነሳ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈሳል ብላ ትፈራለች፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ውሃ ሊጠፋ ነው ብላ ትፈራለች። አቦ፣ ከእሷ ጋር መኖር ራሱን የቻለ ሥራ ነው!

ፍርሃቱ የጀመራት አባታችን የሞተ ጊዜ ነው። አባታችን በወጣትነቱ ከዳውሮ መጥቶ ቀራንዮ ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ። ራዕይ ያኔ ገና ፊደል ቆጥራ መጨረሷ ነው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ጋደም ባለች ቁጥር ቀስ ብላ ትጠጋና መዳፏን ከአፍንጫዋ ሥር ታደርጋለች። ትንፋሹ ሲነካት ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። እማዬ እያወቀች ዝም ትላታለች። አንዳንዴ ግን ሆን ብላ ትንፋሿን ትይዝና ልጅቷ ልትጮህ ስትል «ቡ!» ትላታለች። እኔ እስቃለሁ፣ ራዕይ ታለቅሳለች።

እኔ ሙሉወርቅ እባላለሁ፣ ታላቋ ነኝ። ዘነበወርቅ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ እጄም አፌም ግን አያርፍም ይሉኛል ደንበኞቼ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ራዕይ እዚህ ቤት ፀጉር እያጠበች የነገረችኝን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ አንዱን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጥቅስ ፍለጋ ውድድር ነበር። ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፣ አስተማሪዋ ጥቅሱን ትጠራለች፣ «ጀምሩ!» ስትል ቀድሞ ያገኘ ያነብባል። ሌላው ሁሉ ከፊት ጀምሮ ገጽ ሲያገላብጥ ራዕይ ዘላ መሃሉን ትከፍታለች። የተጠራው ከዚያ በፊት ነው? የኋላውን ግማሽ ትተወዋለች። የቀረውን ደግሞ ከመሃሉ ትከፍታለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ካደረገች ያለቀ ነው። ማንም አላስተማራትም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይሄንኑ ነገር በትልቅ ስም ሲያስተምሯት «እኔ እኮ ለብስኩት ብዬ የማደርገው ነበር» ብላ በሳቅ ሞተች። ሽልማቱ ብስኩት ነበራ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ተሸነፈች። የቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ተበጣጥሶ እማዬ መርካቶ አስጠርዛው ነበር፤ ጠራዡ ገጾቹን አቀያይሮ ሰፍቶታል። ማንም ልብ አላለም። ራዕይ እንደ ልማዷ መሃሉን ከፈተች፣ ግማሹን ተወች፣ ደግሞ ከፈተች፣ ደግሞ ተወች፤ ፍለጋዋ ወደየት እንደወሰዳት እንጃ። ከመድረክ ወርዳ መጽሐፉን ዘረጋችልኝ። «ሙልዬ፣ ተራው ተበላሽቷል» አለችኝ። «ተራው ከተበላሸ በፈጠንሽ ቁጥር ትርቂያለሽ። ደግሞ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው።» ብስኩት ገዝቼ አባበልኳት። እሷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ የምትፈራው ነገር አገኘች፤ ተራ ያለው መስሎ ተራው የተበላሸ ነገር።

ኮምፒውተር ሳይንስ ስትማር ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ትመጣልኝ ነበር። አንድ ቀን የታጠቡ ፎጣዎች ስከምር «እነዚህ ምን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ፎጣ ናቸዋ!»

«ስታክ ይባላል። መጨረሻ የደረብሽውን መጀመሪያ ታነሺዋለሽ። ወረፋ ግን ሌላ ነው፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።»

«ለዚህ ነው መንግሥት አራት ዓመት የሚቀልብሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ክምሩን አነሳችና የታችኛውን ፎጣ አወጣች። ሻግቷል፣ ሽታው አይጣል ነው። እኔ ሁልጊዜ ከላይ አነሳለሁ፣ አጥቤ ከላይ እደርባለሁ፤ የታችኛው ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ እግዜር ይወቀው። «አየሽ፣ ከላይ የሚደረብ እስካለ ድረስ ይሄን ማንም አያስታውሰውም» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። «ያስፈራል።»

«አንቺን ደግሞ ፎጣም ያስፈራሻል!» አልኳት።

ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ ቀራንዮ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ የወረፋ ፕሮግራም ሥሪልን አላት። ስሙ ይቅር። እዚያ ቤት ወረፋ ማለት ጠብ ነበር። «ዘመዴ ውስጥ ይሠራል»፣ «አንዴ ልጠይቅ ብቻ ነው»፣ «ቦታ ይዤ ነው የሄድኩት»፤ ጉልበት ያለው ይገባል፣ አሮጊቷ ትቀራለች። አሁን ግን በረኛው ጋሽ ጀይሉ የመጣውን ሰው ስምና የመጣበትን ሰዓት ታብሌት ላይ ያስገባል። ፕሮግራሙ ይደረድራል። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የባለተራው ስም ይወጣል፣ ድምፅ ይጠራል።

መጀመሪያ ታብሌቱ ሰዓቱን በፈረንጅ ይጽፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ «እኔ በሁለት ሰዓት መጥቼ ስምንት ይለኛል እንዴ?» እያሉ ጋሽ ጀይሉን አስጨነቁት። ስለዚህ በእኛ ሰዓት ይሁን ተባለና ሆነ። ጋሽ ጀይሉ የእጅ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል፤ ራዕይ ደግሞ ለማሽኑ «ትንሹ ይቅደም» ብላ ነገረችው። ክሊኒኩ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ከሦስት ይቀድማል፣ ሦስት ከአራት። ምን ይጎድለዋል? እየሄደች ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሰው ሲጠራ ታያለች፤ ማታ መጥታ ደግሞ በተቀመጠችበት ጣቷን እየቆጠረች ትደረድራለች። አንድም ሰው ያለተራው አልገባም።

የሚጠራው ድምፅ የራሷ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልኳ ቀዳችው። «ባለተራ፣ እባክዎ ይግቡ።» ይቺን ብቻ ለማለት ምሽቱን ሙሉ ደጋገመችው፤ ፈርታ ድምፅዋ ይርገበገባል። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና «አሁን አማረ፣ የሬዲዮ ሰው መስለሻል» እያለች ታበረታታታለች።

እሑድ ምስክርነት ያለው ሲባል እማዬ ብድግ አለች። የሺእመቤት፣ ሰው ፊት መናገር የማትወድ ሴትዮ! «ጌታ ልጄን አከበራት። ደሃውም ሽማግሌውም ሳይገፋ በተራው እንዲገባ የሚያደርግ ማሽን ሠራች» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። ራዕይ አጎንብሳ ከወንበር ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። ቤት ስንገባ «እማዬ፣ ለምን ትናገሪያለሽ? ቢሳሳትስ?» አለቻት።

«አንቺ እንዲህ ፈርተሽ ፈርተሽ የሠራሽው ምን ብሎ ይሳሳታል?» አለች እማዬ።

እማዬ ስኳር አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ክሊኒኩ ቅዳሜ ቅዳሜ የስኳር ስፔሻሊስት ማምጣት ሲጀምር ደስ ብሏት አልቻለችም። ደም የሚሰጡት ሳይበሉ ስለሆነ እንዳይራቡ ተብሎ የቅዳሜ በር ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል ተባለ። ለራዕይ ማንም አልነገራትም፤ ለምን ይነግሯታል? ታብሌቱ ያው፣ ፕሮግራሙ ያው። የሰማነው ከእማዬ ነው፤ ራዕይም እንደ እኔ «ጥሩ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ሙሽራ ነበረችኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን እኔና ራዕይ ስንዘገጃጅ እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«መርፌዬን እዚሁ ተወግቻለሁ» አለች። «እዚያ ሰው ፊት ሆዴን ገልጬ አልወጋም።»

ራዕይ ጫማዋን እያሰረች ነበር፣ ቀጥ አለች። «እማዬ! ሳትበይ መርፌ? ስኳርሽ ይወርዳል እኮ! ደም ሰጥተሽ ነው መወጋት ያለብሽ።»

«በር ሲከፈት እደርሳለሁ፣ ደሜን ሰጥቼ ወጥቼ እበላለሁ። ምን ያስቆየኛል? ወረፋው የማን መሰለሽ?» አለችና ጉንጯን ሳመቻት። ራዕይ የግዷን ፈገግ አለች። «ቀድመሽ ድረሺ በቃ» አለቻት። እማዬም ቀድማ ደረሰች።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሙሽራዋን ፀጉሯን በቢጎዲ ጠቅልዬ ማድረቂያው ካስክ ሥር አስገብቼ አወጣኋት፤ ግማሽ ፀጉሯን እንደሠራሁ ዙሀራ ገባች። ዙሀራ ጎረቤታችን ናት፣ የቅመም ሱቅ አላት፣ እሷም ስኳር አለባት። አራት ሰዓት አልፏል። ገና በር ላይ ሆና መጮህ ጀመረች።

«ራዕይ! ያንቺ ማሽን ጉቦ ይበላል እንዴ? በአስራ ሁለት ሰዓት ሄጄ እስካሁን ተጎልቼ! ተኳኩላ በሦስት ሰዓት የመጣችው ገብታ ወጣች። ርቦኝ ትቼ መጣሁ፣ መንገድ ላይ እርጥብ በላሁ፤ ደም ምርመራውም በአፍንጫዬ ይውጣ!»

«ማሽኗ እንደ ባለቤቷ ፈሪ ሆና ይሆናል፣ ዙሀራን ስታይ ተደበቀች» አልኩ። ሙሽራዋም ሚዜዎቹም ሳቁ። ራዕይም ሳቀች። የአንዷን ሚዜ ፀጉር እያጠበች ነበር።

ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ዙሀራ፣ በአስራ ሁለት የመጣችሁት ስንት ናችሁ?»

«ብዙ ነን! ደም የሚወስዱት የገቡት አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዳችንም አልተጠራንም እኮ ነው የምልሽ! ከእኛ በኋላ የመጣ ሁሉ እየገባ ይወጣል።»

ራዕይ ቧንቧውን አልዘጋችም። ውሃው ይፈስሳል። የሚዜዋን ጭንቅላት እንደያዘች አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ዓይኔ ውስጥ ገባ!» አለች ልጅቷ፣ አልሰማቻትም።

«ሙልዬ» አለችኝ፣ «አስራ ሁለት ከአንድ ይበልጣል።»

«ይበልጣላ! ዛሬ ነው የሰማሽው?»

«ትንሹ ይቅደም ነው ያልኩት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት... አስራ ሁለት የሁሉም መጨረሻ ነው። ማሽኑ ጠዋት መሆኑን በምን ያውቃል? ቀድሞ የመጣውን ሰው ከሁሉም የዘገየ አድርጎ ነው የሚያየው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ከእነሱ ፊት ይገባል።»

«እስከ መቼ?»

«ሰው መምጣት እስኪያቆም።»

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር፤ «በቃ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ያስተካክሉታል» አልኩ። ያኔ ዙሀራ ወንበር ስባ እየተቀመጠች «እትዬ የሺ ባይኖሩማ ጋሽ ጀይሉን ልንደበድበው ነበር» አለች። «መጀመሪያ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ስንጮህ ጊዜ "ታገሱ፣ ይሄ የልጄ ሥራ ነው፣ አይሳሳትም፣ ሲደርስ ይጠራናል" ብለው አረጋጉን። እሳቸውን አፍሬ እንጂ ድሮ ነበር የምወጣው።»

ክው አልኩ። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። መርፌው! እንጀራም ዳቦም ሳይነካት ከንጋት ጀምሮ ያ መርፌ ሰውነቷ ውስጥ ነው።

ራዕይ ስልኳን አውጥታ እማዬ ጋ ደወለች። እማዬ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክሊኒክም ስትገባ ስልኳን ትዘጋለች። ተዘግቷል። ጋሽ ጀይሉ ጋ ደወለች፣ አነሳ። ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እናትሽ? ደህና ናቸው፣ አብሽሪ» አለ። «ጥግ ይዘው ጸሎት ላይ ናቸው።»

እኔ ተመስገን ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ራዕይ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። «ጋሽ ጀይሉ፣ እማዬ ሰው መሃል ድምፅ አውጥታ አትጸልይም። ምን እያለች ነው?»

«ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ያጉተመትማሉ። ቃሉ አይያዝም። እንደ እናንተ የልሳን ጸሎት መሰለኝ። ሰዉም አክብሮ ዝም ብሏል።»

«ጸሎት አይደለም! ጋሽ ጀይሉ፣ ስኳር አምጥተው...» ስልኩ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደግማ፤ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሙሽራዋን በግማሽ ፀጉሯ ትቼ፣ ፊቷ የነበረውን ማንጎ ጁስ ነጥቄ ወጣሁ። «የኔስ?» ስትል ይሰማኛል። ባጃጅ አስቁመን ገባን። ልጁ ገና ትንሽ እንደነዳ መንገዱ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ ተዘግቷል፤ በዚህ ዙሩ አሉን፣ በዚያ አሉን። መኪናው ሁሉ እንደ ተተከለ ቆሟል። «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ከማለት ሌላ ጸሎት ጠፋኝ። እኔ ምንም የማልፈራው ሙሉወርቅ፣ ፈራሁ።

ራዕይ አታለቅስም። የሚያስፈራኝ እሱ ነበር። ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ለራሷ ታወራለች። «አሁን አንድ ሰው ከገባ ከእሷ ፊት ነው። አሁንም ሌላ ከገባ ከእሷ ፊት ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ይበዛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሙልዬ፣ የታችኛዋ ፎጣ እሷ ናት።»

«ዝም በይ!» አልኳት። በጥፊ ልላት ነበር።

ወርደን ሮጥን። ያቺ ድንጋይ ስትሻገር እንኳ እጄን የምትይዝ ልጅ የተቆፈረውን ቦይ ዘላ አለፈች። እኔ በነጠላ ጫማ፣ በአንድ እጄ ማበጠሪያ፣ በአንድ እጄ ጁስ ይዤ ከኋላዋ። ሠራተኞቹ «ተዉ! ይደረመሳል!» ይላሉ። ማን ይሰማቸዋል። በየመንገዱ አምቡላንስ የጮኸ ይመስለኛል፤ ሁሉ ነገር እሷን ይዞ የሚሄድ ይመስለኛል። አባታችን ሲሞት ማንም አልጮኸም ነበር። ተኝቷል ብለን ድምፃችንን ቀንሰን ነው ከሰዓቱን ያሳለፍነው። ያ ትዝ ሲለኝ ሩጫዬን ጨመርኩ።

የክሊኒኩን በር ስንገፋ መጀመሪያ የሰማሁት የራዕይን ድምፅ ነው። «ባለተራ፣ እባክዎ ይግቡ።» ከግድግዳው። አንድ ጎረምሳ ተነስቶ ገባ።

እማዬ ጥግ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ፊቷን ሸፍኖታል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም። አጠገቧ ያሉት ሰዎች ላለመረበሽ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። አንዲት ሴትዮ፣ ጌታ ይይላት፣ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ «አሜን» ትላታለች። የእማዬን ነጠላ ስገልጠው ፊቷ በላብ ታጥቧል። ዓይኗ ክፍት ነው፤ አያየኝም። ከዚያ ከንፈሯም ቆመ።

ራዕይ ተንበርክካ መዳፏን ከአፍንጫዋ ሥር አደረገች። እንደ ልጅነቷ። አልተነፈስኩም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደምታደርግ ሳያውቅ ያያታል። «ቡ በያት» አልኩ በሆዴ፣ «እማዬ በሞቴ፣ ቡ በያት!»

«አለች» አለች ራዕይ። «ትንሽ። ግን አለች።»

እኔ ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ የሰፈሩ ሰው እስካሁን ያወራል። ነርሷ ሮጣ መጣች፣ የእማዬን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ቁጥሩን ስታይ ለእኛ አልነገረችንም፣ ወደ ውስጥ ዞራ «ግሉኮስ! ቶሎ!» አለች። ጁሱን አፏ ላይ አደረግኩ፤ ጥርሷን ነክሳለች፣ በአገጯ ወረደ። ነርሷ «ትን ይላታል፣ ተይው!» ብላ ነጠቀችኝ። እዚያው መሬት ላይ አጋደምናት። ደም ሥሯ ጠፋ። አንዴ ወጉ፣ ሳቱ። ጋሽ ጀይሉ ራሱን ይዞ «እኔ እኮ ጸሎት መስሎኝ፣ እኔ እኮ ጸሎት መስሎኝ» ይላል።

ያኔ ደግሞ ግድግዳው ተናገረ። «ባለተራ፣ እባክዎ ይግቡ።»

ማንም አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ ስሙ የወጣው ሰውዬ እማዬን እያየ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ደግሞ ጠራ። ያው ረጋ ያለ፣ ያው ጨዋ ድምፅ። ራዕይ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ተነሳች፣ ሶኬቱን መንቀል እንኳ አልታያትም፤ ሽቦውን በእጇ ይዛ በጠሰችው።

ሁለተኛው መርፌ ገባ። ግሉኮሱ ሲወርድ እኔ የእማዬን እግር አቅፌ አሻለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ጊዜው አልሄድ አለ። እንደ አባባ ልትሆን ነው፣ ሰው መሃል፣ ሁላችን እያየናት፣ ጸሎት መስሎን። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ከዚያ የእግሯ ጣት እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰች።

አልጋ ላይ ካወጧት በኋላ ራዕይ ከአጠገቧ ጠፋች። ፈርታ ሸሸች ብዬ ተናደድኩ። ብወጣ መጠበቂያው ክፍል መሃል ቆማለች። ሰው ፊት ስሟን መናገር የምትፈራው ልጅ፣ ጮክ ብላ ትናገራለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ስህተቱ የእኔ ነው። ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት የመጣችሁ እባካችሁ ተነሱ፣ መጀመሪያ እናንተ ናችሁ።» ከየጥጉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግድግዳ እየተደገፉ ተነሱ። ሁሉም ከእማዬ ጋር ከንጋት ጀምሮ የጠበቁ ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ሲነሳ ተንገዳገደ፣ ጋሽ ጀይሉ ደገፈው። ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር መሰለኝ። ነርሷ የሁሉንም ጣት እየወጋች ለካች፤ ስኳሩ ለወረደበት ሻይ በስኳር አስቀዳችለት።

ተመልሰን ስንገባ እማዬ ዓይኗ ጠርቷል። ድክም ብላለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ራዕይ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች፣ መቅረብ ፈራች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ መጨረሻ ያደረግኩሽ» አለች። «ቀድመሽ መጥተሽ እኔ ወደ ኋላ ጣልኩሽ።» አሁን ነው ያለቀሰችው።

እማዬ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋችላት። «ድምፅሽን እየሰማሁ ነበር እኮ» አለች። «ሰውነቴ ሲደክምብኝ ልነሳ አልኩ። ደግሞ ድምፅሽ "ባለተራ" ሲል ቀና እላለሁ። ስሙ የሌላ ሰው ነው። አሁን እኔን ትጠራለች፣ ልጄ ጠርታኝ ሳልኖር እንዳላሳፍራት ብዬ ተቀመጥኩ።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ራዕይ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። መዳፏን ከእማዬ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በዚያ በሚርገበገብ ድምፅዋ «የሺእመቤት» ብላ ጠራቻት። እናቷን በስሟ ስትጠራ በሕይወቴ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አቤት» አለች እማዬ፤ በክርኗ ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች።